የዓድዋ ማግስት የማን ቀን ነው?

የካቲት 23 ፒያሳ ሰው ከሰው ይጋፋል። ምኒልክ አደባባይም የዓድዋ ድል መታሰቢያም መላወሻ የለም። በማግስቱ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። ይቺን ማግስት ግን የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2012 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የዋንጋሪ ማታይ ቀን ብሎ ሰይሟታል፤ ከአፍሪካ የአካባቢ ቀን ጋር አብራ እንድትከበር። ኅብረቱ ያለው ደግሞ ሌላ አገር አይደለም። እዚሁ ከሜክሲኮ አለፍ ብሎ፣ የድሮው ከርቸሌ ቦታ ላይ ነው። ከተማው ውስጥ ስለ ቀኗ ሲወራ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ኬንያዊቷን ዋንጋሪን የምናውቃት፣ ካወቅናት፣ በዛፍ ተከላና በ2004ቱ የኖቤል የሰላም ሽልማት ነው። እኔን የሚስበኝ ግን የሲስተሮች ተማሪ የነበረችበት ጊዜ ነው።

በ11 ዓመቷ ኒየሪ አጠገብ፣ ጣሊያናውያን መነኮሳት የሚያስተዳድሩት ቅድስት ሴሲሊያ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1952፣ እንግሊዞች ማውማው የተባለውን ፀረ ቅኝ አገዛዝ አመፅ ለመደምሰስ የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ከግቢው ውጭ ሕዝቡ ከቀዬው እየተነቀለ በዘበኛ በሚጠበቁ መንደሮች ይታጎራል፤ የገዛ እናቷም እዚያ ገብታለች። ግቢው ውስጥ ልጆቹ ማውማው እንዲያዝ ይጸልያሉ። ይህን በኋላ የተናገረችው ራሷ ናት። በአገሬው ቋንቋ በኪኩዩ ስታወራ የተገኘች ልጅ ደግሞ የቅጣት ባጅ ይደረግላታል፤ ሌላ ጥፋተኛ እስክትገኝ ከእሷ አይወርድም። (እኛም ጋ አማርኛ በማውራቱ የተቀጣ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ አይጠፋም። ቅኝ አልተገዛንም እያልን መሆኑ ነው።)

እንዲህም ሆኖ መነኮሳቱን አልጠላቻቸውም። በኋላ ሊሙሩ፣ ሎሬቶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ሳይንስን ያስወደደቻት አንዲት መነኩሴ መምህሯ ናት። ታሪክን በወዳጅና በጠላት ብቻ ለሚከፍል ሰው ይሄ አይመቸውም። የምሥራቅ አፍሪካን ያን ዘመን ግን ከመሪዎች ንግግር ይልቅ ይቺ ልጅ የበለጠ ታሳየኛለች። እናት በአጥር ውስጥ፣ ልጅ በጸሎት ቤት።

በ2005 የኅብረቱ የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል ምክር ቤት የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነችው እሷ ነበረች። ዛሬ ኅብረቱ ግቢ የንክሩማና የአፄ ኃይለ ሥላሴ ሐውልቶች ቆመዋል። ጆሞ ኬንያታም በስማቸው መንገድ አላቸው፤ ይገባቸዋል። መሃል ከተማው በኮሪደር ልማት እንደ አዲስ እየተሠራ ነው፣ መናፈሻውም በዝቷል። ታዲያ አንዱ በዋንጋሪ ስም ቢጠራ ምን ይጎዳል? በ1989 ናይሮቢ መሃል፣ ኡሁሩ ፓርክ ላይ ሊቆም የነበረን 60 ፎቅ ሕንፃ ተሟግታ ያስቀረች ሴት ናት።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ። ስሟ የሚለጠፍበት መናፈሻ ውስጥ ያሉት አሮጌ ዛፎች ለእግረኛ መንገድ ተብለው እንዳይቆረጡ።