የቆሎ ተማሪው ብቻውን አልነበረም

ጋሼ፣ «በቅምጥል ያደገ ኋላ ይወድቃል፤ የጎጃምን የቆሎ ተማሪ ያየ ችግር ሰው እንደሚያደርግ ያውቃል» ብለዋል። ይህ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ስሕተት ነው። የዲማ ወይም የዋሸራ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ቁራሽ የሚሰጠው መንደርተኛ፣ ቅኔውን የሚያርምለት የኔታ፣ ጎጆ የሚጋራው ባልንጀራ ነበረው። እርስዎ ውሻውን ብቻ ቆጠሩ። ደግሞስ በሽታና ረሃብ መንገድ ላይ ያስቀሩትን ማን ያስታውሳል? የምናየው መምህር የሆኑትን ነው።

በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት፣ በልጅነት ድብደባና የቤተሰብ ምስቅልቅል የበዛባቸው ሰዎች ሲጎለምሱ ለልብ ሕመም፣ ለድባቴና ለመጠጥ ሱስ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። እውነት ነው፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርክ ሲሪና ባልደረቦቹ በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት መጠነኛ መከራ ያዩ ሰዎች ምንም ካላዩትም፣ ብዙ ካዩትም ተሽለው እንደተገኙ ይናገራል። መጠነኛ ነው ያለው እንጂ አለንጋ አላለም።

ስለዚህ ልጅዎን ብቻውን ገበያ ይላኩት፤ መልሱን አጉድሎ ቢመጣ ግን አይግረፉት፤ አብረውት ይቁጠሩ።