መከራው እስኪያልፍ ብላችሁ መሬቱን ጦም አታሳድሩ

ወገኖቼ፣ የምቆጣችሁ ስለምሳሳላችሁ ነውና ስሙኝ። "ይህ ክፉ ጊዜ ይለፍና ያኔ እንተክላለን" ማለትን ልማድ አድርገነዋል። ጦርነቱ ይብረድ፣ በሽታው ይጥፋ፣ ኑሮው ይርገብ እንላለን። እስከዚያው የጓሯችን አፈር ጠጥሯል፣ አረም ወርሶታል። ማለዳ ዓይናችንን ስንገልጥ የምናነሳው ስልካችንን፣ የምንሰማውም የሌሊቱን መርዶ ነው። ቀኑን ሙሉ ክፉ ወሬ ስንቀባበል ውለን ማታ "ተስፋ ከወዴት ይምጣ?" ብለን እናዝናለን። ልጆቻችን ይህን እየሰሙ ያድጋሉ። ይብቃን!

ወጥታችሁ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ሥር ቁሙ። ደርቋል ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ቅርንጫፉን በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት፤ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከታየ ዛፉ በሕይወት አለ። ቅጠሉ ከወደቀበት ጠባሳ በላይ ጉብ ያለች ትንሽ ነገርም ታያላችሁ። እምቡጥ ናት። ዛፉ እሷን ያዘጋጀው ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ አይደለም፤ ገና ለምልሞ ሳለ፣ ክፉው ወቅት ሳይደርስ ነው። ስንቱን ዛፍ ይህችን ጥቂት ምርመራ ነፍገን፣ በቁሙ ሞተ ብለን በመጥረቢያ ጣልነው! በሰውና በአገር ላይም ፍርዳችን እንዲሁ የቸኮለ ነው።

አፈሩንም ገልብጡት። የምድር ትል ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ፣ አፈሩ አልሞተም። ካላገኛችሁ ብስባሽ ጨምሩበት፣ በደረቅ ሣር ሸፍኑት፣ ታገሡት።

ዘርማ የዘመኑን ክፋት አይጠይቅም። ውሃ፣ አየርና የሚስማማው ሙቀት ካገኘ ይነሳል። ዊሊያም ቢል የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ ሚሺጋን የአረም ዘሮችን ከአሸዋ ጋር በጠርሙሶች ሞልቶ ቀበረ። ተተኪዎቹ በ2021 አንዱን ጠርሙስ ቆፍረው አውጥተው ሲዘሩት የበቀለ ተገኘ። ከ142 ዓመት በኋላ! በመካከሉ ሁለት የዓለም ጦርነቶች ተካሂደው አልፈዋል። እናንተ ግን አንድ ዓመት ቢከፋባችሁ ሁሉ ነገር አበቃ ትላላችሁ።

እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1944 የጀርመን ጦር የሩሲያዋን ከተማ ሌኒንግራድን ከብቦ ሲያስርባት፣ የከተማዋ የዕፅዋት ምርምር ተቋም ሠራተኞች ከብዙ አገር የተሰበሰበ ዘር ይጠብቁ ነበር። ሩዙም እህሉም በእጃቸው ነበር። አልበሉትም። ከመካከላቸው እዚያው በረሃብ የሞቱ አሉ። ይህን ያደረጉት ከእነሱ በኋላ የሚዘራ ትውልድ እንደሚኖር አምነው ነው። እኛ ከዚህ እጅግ ያነሰ ተጠይቀን፣ አንዲት ፍሬ አፈር ውስጥ ለመክተት ምክንያት እንደረድራለን።

ቦታ የለኝም የምትሉም ስሙ። ኔልሰን ማንዴላ በፖልስሞር እስር ቤት ጣሪያ ላይ፣ ለሁለት በተሰነጠቁ በርሜሎች አፈር ሞልተው አትክልት ያለሙ ነበር። መቼ እንደሚፈቱ አያውቁም። ከምርታቸው ለእስረኞቹም ለጠባቂዎቹም ይሰጡ ነበር። እናንተ በርና መስኮቱን እንደ ልባችሁ የምትከፍቱት ቤት አላችሁ።

አትክልት ጦርነት ያቆማል፣ የሞተ ይመልሳል አልልም፤ እንዲህ የሚላችሁ ካለ አትስሙት። ያዘነ ያልቅስ፣ የተበደለም ፍትሕ ይጠይቅ። ነገር ግን ችግኝ የሚንከባከብ ሰው ነገ ጠዋት የሚነሳበት ጉዳይ አለው። ሁሉ ነገር ከእጅ ባመለጠበት ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አትናቁት።

እንግዲህ ዛሬ አሮጌ ባልዲ ፈልጉ፤ ውሃ እንዳይተኛበት ሥሩን ብሱት፣ አፈርና ብስባሽ ሙሉበት። ፈጥነው ስለሚበቅሉ ሰላጣ ወይም ባቄላ ዝሩበት። የማጠጣቱን ኃላፊነት ለልጃችሁ ስጡ። በየማለዳው አብራችሁት ወጥታችሁ አፈሩን በጣታችሁ ንኩት፤ ደርቆ ከሆነ ያጠጣው፣ ርጥብ ከሆነም ይተወው።