ምስጋና ለባለ ቲኬቶቻችን

ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጠናል። ንፍሮው እየዞረ ነው። ድንገት ከድንኳኑ ጥግ አንድ ጎረምሳ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ «ወይኔ! አለቀልኝ!» ብሎ ብድግ አለ። ሴቶቹ ከሩቅ አገር የደረሰ የሟች ዘመድ መስሏቸው እየጮኹ ተቀበሉት። አንድ አዛውንት «አይዞህ ልጄ፣ ሁላችንም ሂያጅ ነን» አሉት። ልጁ ያለቀሰው ግን በ89ኛው ደቂቃ ለገባች ጎል ነው። «አንደር 2.5» ይዞ ነበር፤ ጨዋታው ከሦስት ጎል በታች ያልቃል ብሎ ቤቲንግ ቤት ብር አስይዟል ማለት ነው።

እናንተም ቤት አንድ እንዲህ ያለ አይጠፋም። እኔ ግን ዛሬ ላመሰግነው ነው የተነሣሁት።

ለጀማሪ ትምህርቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ «አንድ፣ ኤክስ፣ ሁለት» አለ። አንድ ባለሜዳው ሲያሸንፍ፣ ኤክስ አቻ ሲሆን፣ ሁለት እንግዳው ሲያሸንፍ። የሚቆጠረው 90 ደቂቃውና ዳኛው የሚጨምራት ብቻ ናት። ቡድንህ በዋንጫ ጨዋታ በተጨማሪው 30 ደቂቃ ቢያሸንፍ፣ አንተ ጨፍረህ ስትመለስ ቲኬትህ ተበልቷል። «ደብል ቻንስ» ከሦስቱ ሁለቱን አንድ ላይ ለሚይዝ ፈሪ ነው፤ ፍርሃቱ ከኦዱ ላይ፣ ማለትም ያስያዘው ብር ከሚባዛበት ቁጥር ላይ ይቀነስበታል። «ጂጂ» ሁለቱም ቡድኖች እንዲያገቡ መጸለይ ነው። «ኦቨር 2.5» ሦስት ጎልና ከዚያ በላይ። ግማሿን ጎል ማን ያገባታል አትበሉ። «እኩል ወጣ፣ ብሬን መልሱ» የሚል ሰው እንዳይኖር የተቀመጠች ናት።

ከዚህ በላይ ያለው ሊቅነት ነው። ጎጃም መቼም የሊቅ አገር ነው። ድሮ ቅኔ ፈላጊው ኮቸሮውን ይዞ ዋሸራ ድረስ ይሄድ ነበር። የዛሬው ሊቅ ከቤቲንግ ቤቱ በር ንቅንቅ አይልም።

አንዱን አውቀዋለሁ። የአይስላንድ ሊግ ሊቅ ነው። ሐምሌ ሲገባ ትልልቆቹ የአውሮፓ ሊጎች ዝግ ናቸው፤ አይስላንዶች ግን ክረምታቸው በረዶ ስለሆነ በእኛ ሐምሌም ይጫወታሉ። የጤፍ እርሻ በሚጣደፍበት ሰዓት ማለት ነው። ልጁ ዝናቡን ተጠልሎ ስልኩ ላይ ተደፍቷል። «ሬይካቪክ ዛሬ ንፋስ አለ፣ ኮርነር ይበዛል» ይላል። አባቱ «ማሳው ውኃ ቋጥሯል፣ ቦይ ክፈት» ቢሉት «ቆይ አባባ፣ የግራው ተጎድቷል!» አላቸው። ሽማግሌው በሬያቸው መስሏቸው ወደ በረቱ ሮጡ። ለካስ የግራ ተመላላሹ ነው። አይስላንዶች እንደኛ በአባታቸው ስም ስለሚጠሩ ልጁ የተጫዋቾቹን አባቶች ጭምር በስም ያውቃል። የገዛ አባቱ ስንት ጥማድ መሬት እንዳላቸው ግን ጠይቁትማ! ቡድኑ ሲጫወት አንድም ቀን አይቶ አያውቅም። ቁጥሮቹ ሲቀያየሩ ነው የሚያየው። ባሕር ዳር ከተማ መቼ እንደሚጫወት ስጠይቀው «የእኛ ሊግ አይገመትም» አለኝ።

ይህ ሊቅ ነጠላ ጨዋታ ይንቃል። 1.50 ኦድ ያላቸውን አሥር ጨዋታዎች በአንድ ቲኬት ይደረድራል። ሲባዛ 57 ገደማ ይሆናል፤ 100 ብሩ 5,700 አለፈች ማለት ነው። ኦዱ ትክክለኛውን ዕድል ቢናገር እንኳ አሥሩም የሚገቡት ከመቶ ሁለቴ አይሞላም። ኦዱ ደግሞ ትክክለኛውን አይናገርም። ለአንድ 2.10፣ ለኤክስ 3.20፣ ለሁለት 3.40 ተሰጠ እንበል። የትኛውም ቢወጣ 100 ብር እንዲደርስህ ሦስቱንም ልያዝ ብትል 108 ብር ትከፍላለህ። ስምንቷ ብር የቤቱ ናት። ሊቃችን ግን ሒሳብ አይወድም። «ዘጠኙ ገብቶልኝ በአንዷ ተበላሁ» እያለ ዓመቱን ሙሉ ይፎክራል።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ከገጠር መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ አለ። እናቱ ቅቤ ሸጣ የኪራዩን ትልክለታለች። እናንተ ባለ ቤቲንግ ቤቶች ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ቤት ከፍታችሁ፣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ሲገባ ዕድሜውን ሳትጠይቁ ብሩን ትቆጥራላችሁ። ያ ብር እኮ ቅቤ ቅቤ ይላል። አይሸታችሁም? የማዳበሪያ ብር በልቶ ከአባቱ ፊት የጠፋ ልጅስ ስንት አለ? እግዜር ይይላችሁ!

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ደጎቹን ረስቻለሁ፣ በቴሌግራም «ፊክስድ»፣ ውጤቱ አስቀድሞ የተቆረጠ ጨዋታ ነው እያሉ የሚሸጡትን። ነገ የሚሆነውን ውጤት ዛሬ ያውቁታል። ራሳቸው አስይዘው እንደመክበር፣ በ500 ብር ለእኛ ይሸጡልናል። እንዲህ ያለ ርኅራኄ ከየት ይገኛል! ግማሹን ደንበኛ «አንድ» ይዘህ ግባ ይሉታል፣ ግማሹን «ሁለት»። ማታ ላይ ግማሹ ይመርቃቸዋል፤ የተበላውን ደግሞ ብሎክ ያደርጉታል። የተመረቁበት ቲኬት ፎቶ በማግሥቱ ለአዲስ ገዢ ማስታወቂያ ይሆናል። ባለፈው እሑድ አንዱ ደግሞ «የጾም ቅናሽ» ብሎ በ300 አውጥቶታል።