ማስተካከያ፦ የክሪስታል መረጃ የት ላይ ይቆረጥ?

ባለፈው ሳምንት ጅማ ለሚገኙ የባዮኬሚስትሪ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ባጋራሁት የመለማመጃ ማስታወሻ፣ የፕሮቲን ክሪስታል መረጃ (ክሪስታሉ ኤክስሬይ ሲበትን የሚለካው የነጸብራቆቹ ጥንካሬ) የሲግናልና የስሕተት ምጣኔው ከ2 በታች ከወረደበት ወይም አር-መርጅ (የአንድ ነጸብራቅ ተደጋጋሚ ልኬቶች ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያሳይ ቁጥር) 60 በመቶ ካለፈበት እርከን (የዝርዝርነት ደረጃ) ጀምሮ መቆረጥ አለበት ብዬ ጽፌ ነበር። ይህ ስሕተት ነው።

ነጸብራቁ እየደከመ ሲሄድ የአር-መርጅ አካፋይ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ ቁጥሩ ያለ ገደብ ያድጋል፤ በዚያ ላይ አንዱ ነጸብራቅ ደጋግሞ ሲለካ አማካዩ እየተሻሻለ ሳለ አር-መርጅ ግን ከፍ ይላል። ካርፕለስና ዲደሪክስ በ2012 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ባሳተሙት፣ በባለሙያዎች በተገመገመ ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ የተሻለው መለኪያ ልኬቶቹ በዘፈቀደ ለሁለት ተከፍለው የሚሰላው የግማሾቹ ተዛምዶ ሲሆን፣ ይህ ተዛምዶ 0.3 ገደማ በሆነበት እርከን እንኳ ሞዴሉን የሚያሻሽል መረጃ ሊኖር ይችላል። 0.3ንም ቢሆን አዲስ ሕግ እንዳታደርጉት።

የት ላይ ይቆረጥ የሚለው ውሳኔ በጥንድ ሪፋይንመንት ይፈተናል፤ ሪፋይንመንት ማለት ሞዴሉን ከመረጃው ጋር ይበልጥ እንዲስማማ ማስተካከል ነው። ለምሳሌ አንዱን መነሻ ሞዴል በ2.3 እና በ2.0 አንግስትሮም ገደብ (ቁጥሩ ሲያንስ ዝርዝሩ ይጨምራል) ሪፋይን አድርጎ፣ የሁለቱንም አር-ፍሪ (ሞዴሉ ከሪፋይንመንት ውጭ ከተለዩ ነጸብራቆች ጋር ምን ያህል እንደማይስማማ የሚያሳይ ቁጥር፤ ሲያንስ የተሻለ ነው) እስከ 2.3 ባሉት ነጸብራቆች ብቻ አስልቶ ማወዳደር ነው። በየራሳቸው ገደብ ማወዳደር ያሳስታል፤ ደካማው እርከን ሲጨመር ጠቅላላው አር-ፍሪ ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላልና። ለአር-ፍሪ የተለዩት ነጸብራቆችም መቀየር የለባቸውም።

በማስታወሻዬ መሠረት ከክፍት የመረጃ ቋት ያወረዳችሁትን መረጃ የቆረጣችሁ፣ ጥሬ ምስሎቹን ካልሰረዛችሁ ኢንቴግሬሽኑን (ከምስሎቹ ላይ የነጸብራቆቹን ጥንካሬ የማስላት ሥራውን) ገደቡን አስፍታችሁ እንደገና አስኪዱ። የተቆረጠው ፋይል ብቻ ከቀራችሁ ግን ምስሎቹን ዳግመኛ ማውረድ ይኖርባችኋል።