አይጥ በበላ ጉጉት ተመታ

እኛ የከተማ ሰዎች ደግነታችን አልተነገረልንም። ዛሬ እኔ ልናገር።

ጫካ ያለች ጉጉት አንዲት አይጥ ለመያዝ ቅርንጫፍ ላይ ጆሮዋን አቁማ ታመሻለች። ትስታለች። ትራባለች። ደግማ ትሞክራለች። ከተማ ስትገባ ይሄ ሁሉ ልፋት ቀረላት። እኛ ያሰናዳንላት አይጥ አትሮጥም። በምን አቅሟ! ገና ሳይመሽ ከጉድጓዷ ወጥታ፣ ግቢ መሀል እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገደች፣ "የራበው ካለ መጥቻለሁ" የምትል ነው የሚመስለው። እንዲህ ያለ መስተንግዶ የት ይገኛል?

የኛ ግቢ በዚህ በኩል የሚታማ አይደለም። ትልቁ ዛፍ ሥር፣ ቆሻሻ መጣያው ጎን፣ መኪና ማቆሚያው ጥግ ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥኖች ተቀምጠዋል። ክዳናቸው በቁልፍ ነው። አንድ ቀን የሚሞላው ሰውዬ ሲከፍት ጎንበስ ብዬ አየሁ። ትንሽ ሳሙና የምታክል ሰማያዊ ነገር ሽቦ ላይ ተሰክታለች። ጠርዟ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። ጥንድ ጥንድ ቀጭን ቦይ፣ ሰው በሚስማር የጫረው ይመስላል። "በልተዋል!" አለኝ ሰውዬው፣ እህል እምቢ ያለው ልጁ እንደበላለት አባት ፊቱ በርቶ። አዲስ ሰካ፣ ቆለፈ፣ ሄደ።

ያቺን ሰማያዊ ነገር የፈለሰፈው ጭንቅላት ይባረክ። አይጥ ተጠራጣሪ ናት። አንድ ነገር በልታ ወዲያው ካመማት ሁለተኛ ደጁን አትረግጥም። ስለዚህ መርዙ እንዲዘገይ ተደረገ። ጉበት ገብቶ የቫይታሚን ኬን ሥራ ያስተጓጉላል። ደም መርጋት ያቅተዋል። አይጧ ከቀናት በኋላ ውስጥ ለውስጥ ደምታ ትሞታለች። መጀመሪያ ዋርፋሪን ነበር፤ አይጦች ለመዱት። ከዚያ ብሮዲፋኩምና ብሮማዲዮሎን የሚባሉ ጉልቤዎች መጡ። ለነዚህ አንድ ቀን መብላት ይበቃል። ግን አይጧ መሞቷን ማን ነግሯት? በቀሯት ቀናት ትመላለሳለች። አንድ አይጥ ለመግደል ከሚበቃው በላይ ተሸክማ ነው የምትወጣው። ትርፉ የማን ነው? የበላተኛዋ ነዋ! እኛ እንደሆነ ስንጋብዝ ልክ አናውቅም።

መርዙም ቢሆን ወረተኛ አይደለም። ብሮዲፋኩም ጉበት ውስጥ ለወራት ይቆያል። ጉጉቷ ዛሬ አንዲት፣ በሳምንቱ ሌላ ብትበላ የመጀመሪያው አልጠፋም፤ ይደመርበታል። ደመወዜ እንዲህ ቢጠራቀምልኝ የት በደረስኩ!

ድሮ "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" ይባል ነበር። ዳዋ ቢመታ ምን ይሆናል፣ መልሶ ይበቅላል። እኛ አሻሽለነዋል።

ምስክር ካስፈለገ ፍላኮን ጥሩ። ኒውዮርክ፣ ሴንትራል ፓርክ ባለው የእንስሳት ማቆያ የሚኖር ግዙፍ ጉጉት ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 አንድ ያልታወቀ ሰው የቤቱን ወንፊት ሽቦ ሲቆርጥለት ጉጉቱ ወጣ። ዕድሜውን በእጅ ሲቀለብ የኖረ ስለሆነ በረሃብ ያልቃል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። እሱ ግን በጥቂት ቀናት አይጥ ማደን ለመደ። ከተሜው ወደደው። እሱም በየፎቁ መስኮት እየተቀመጠ ወደ ውስጥ ይመለከት ነበር። ዓመት ከጥቂት ቀን ኖረና በፌብሩዋሪ 2024 አንድ ሕንፃ ግቢ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ሲመረመር አካሉ በግጭት ተጎድቷል። ከእርግብ የያዘው ቫይረስ ክፉኛ ጎድቶታል። ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ የአይጥ መርዝም ተገኘበት። አንድ ዓይነት እንዳይመስላችሁ። አራት! ለአንድ ጉጉት አራት ዓይነት መርዝ ማቅረብ የቻለ ከተማ ስስታም ሊባል ነው? ይወድ የነበረው ዛፍ ሥር ሰው አበባና ደብዳቤ አኖረለት። እኛ እንዲህ ነን። ስንገድል አንሳሳም፤ ስናለቅስም አንሳሳም።

መስታወታችንም ይመስገን። ፔሪግሪን የሚባለው ጭልፊት ቁልቁል ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። በዓለም የሚቀድመው እንስሳ የለም። እኛ ታዲያ ሰማዩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ሕንፃ ፊቱ አቆምንለት። እውነተኛው ሰማይ የት ጋ እንደሚያልቅ ፈልጎ ያግኝ እንግዲህ። በአሜሪካ ብቻ በዓመት ከ365 ሚሊዮን እስከ 988 ሚሊዮን ወፎች ከሕንፃ ጋር ተላትመው እንደሚሞቱ ተገምቷል። ትልቅ ትንሹን ሁሉ ጨምሮ ነው። የግምቱን ስፋት አያችሁልኝ? መሀሉ ላይ 600 ሚሊዮን ወፍ አለ፤ ይኑር ይሙት እርግጠኛ አይደለንም።

አንድ ጠዋት የደረጃችን መስታወት ላይ ሥዕል ተሥሎ አገኘሁ። ከላባ የረገፈ አመድ መሳይ ብናኝ ነው። ሁለቱ ክንፎች እስከ ጫፋቸው ተዘርግተዋል። ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል። መሀል ላይ፣ ደረቱ የነበረበት ቦታ፣ ክብ ጉም። ብርሃን ሲያርፍበት መልአክ ነው የሚመስለው። ጎረቤቴ አጠገቤ ቆሞ ትንሽ አየና ከንፈሩን መጠጠ። "ትናንትና ነው እኮ ያስወለወልነው" አለ።

የኤሌክትሪክ መስመሩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ሽቦ ላይ የተደረደሩ ድንቢጦች አይተን "ኤሌክትሪክ ወፍ አይነካም" ብለን ደምድመናል። ድንቢጥ አጭር ስለሆነች ነው። ንስር ክንፉን ሲዘረጋ ሁለት ሽቦ፣ ወይም አንድ ሽቦና የብረት ምሰሶ፣ በአንዴ ይነካል። ምሰሶው አጠገብ ያለውን ሽቦ በማያስተላልፍ ነገር ቢሸፍኑት ይተርፋል። ይህን ያህል ቀላል ሥራ ግን ለኛ አይመጥንም። እኛ የለመድነው ትልልቅ ዕቅድ ነው።

ጥንብ አንሳን ካላነሳሁ ሕንዶች ይቀየሙኛል። ዳይክሎፌናክ ለታመመ ከብት የሚሰጥ ጥሩ ማስታገሻ ነበር። ከብቱ ሲሞት ጥንብ አንሳው ይበላዋል፤ ኩላሊቱ ይቆማል። በደቡብ እስያ ከጥንብ አንሳ ዝርያዎች አንዳንዶቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶው ከ95 በላይ አለቁ። ምክንያቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀና ሕንድ በ2006 መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ ከለከለች። እስከዚያ ሬሳውን ባለቤት አልባ ውሾች ተረከቡት፤ ውሾቹም በዙ። ያለ ደመወዝ የሚሠራ ጽዳት ሠራተኛ ማባረር የሚችለው የተረፈው ሰው ብቻ ነው። እኛም ተርፎናል።

ወደ ግቢያችን ልመለስ። ትልቁ ዛፍ ላይ ጉጉት ነበረችን። ማታ ማታ ስትጮህ ሦስተኛ ፎቅ ያሉ አንድ እናት "ደግሞ ጀመረች" ይላሉ። ጠዋት ዛፉ ሥር የወረወረቻቸው እንክብሎች ይገኛሉ፤ የማይፈጨውን አጥንትና ፀጉር ጠቅልላ ነው የምትተፋው። አንዱን በእንጨት ፈልቅቄ የአይጥ መንጋጋ ሙሉውን አግኝቻለሁ፤ እነዚያ ሁለት ቢጫ ጥርሶች ሳይቀሩ። ኮሚቴው በዚህ ጉዳይ ስብሰባ ተቀምጧል፤ ስለ አይጡ ሳይሆን "ስለ ቆሻሻው"።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ተገኘች። ዓይኗን ገርበብ አድርጋ። ሰው ሲቀርባት አልሸሸችም። ሁሉም "እንዴት ለማዳ ናት!" አለ። ልጆቹ አጠገቧ ተቀምጠው ፎቶ ተነሱ፤ ትልልቆቹም ተራ ያዙ። እኔም ተነስቻለሁ፤ አልዋሽም። ፎቶው ብዙ ላይክ አግኝቷል። ወደ ሐኪም ትወሰድ ያለ ሰው እስኪገኝ መሸ። ጠዋት የጽዳቷ ልጅ በአካፋ አነሳቻት።

የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ግቢው ጸጥ በማለቱ ደስታቸውን ገለጹ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እናት ግን እጃቸውን አወጡ። ሌሊት ኮርኒሳቸው ላይ ሩጫ አለ። የምድር ቤቱ ጎረቤትም መኪናው ውስጥ ሽቦ ተበልቶበታል። ይሄም የሚጠበቅ ነው። አይጥ ከሦስት ሳምንት ትንሽ በለጥ ቢል ነው የምታረግዘው፤ ጉጉት አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንዴ ነው የምትፈለፍለው። ማን ቀድሞ እንደሚመለስ መገመት አያቅትም። ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ሣጥኖቹ ከስድስት ወደ አሥራ ሁለት እንዲያድጉ ወሰነ። አጨበጨብን።

በማግስቱ ሰውዬው አዲሶቹን ሣጥኖች ተሸክሞ መጣ። ሰብሳቢው እየዞሩ ቦታ አሳዩት።

"ዛፉ ሥር ሁለት ጨምርበት፤ እዚያ ነው የሚበዙት" አሉት።

"ይገርማል" አለ ሰውዬው፣ በርከክ ብሎ ክዳኑን እየቆለፈ። "አምና እዚህ ጋ አንድም አይጥ አልነበረም።"