የሚታረስ መሬት «ክፍት ቦታ» አይደለም

ስለ ከተማ መስፋፋት ሲወራ ዳር ላይ ያለው ማሳ «ክፍት ቦታ» ሲባል እሰማለሁ። ቃሉ ያመኛል። ክፍት በተባለው ቦታ ላይ በየዓመቱ ይታረሳል፣ ይዘራል፣ ይታጨዳል፤ በዚያ ምርት የሚያድረውም አራሹ ብቻ አይደለም።

ለግንባታ የተፈለገ ማሳ ላይ ቀድሞ የሚደርሰው ዶዘር ነው። ጠቆር ያለውን የላይኛውን አፈር ገፎ ዳር ላይ ይቆልለዋል፣ በምትኩ ገረጋንቲ ይደፋና ይጠቀጠቃል። ይህን ለመጨረስ ጥቂት ቀናት ይበቃሉ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው ግን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር እስከ 1,000 ዓመት ሊወስድ ይችላል።

መሬቱ ሲሸጥ የሚተመነው የካሬ ሜትሩ ዋጋ ነው። ትራክተር የሚጠግነው፣ ዘርና ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የጭነት መኪናው ሹፌር በሒሳቡ ውስጥ የሉም። እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት ደግሞ በቂ ገበሬ እስካለ ድረስ ነው። ማሳዎቹ አንድ በአንድ ሲቀነሱ ጋራዡ ለጊዜው ይንገዳገዳል፤ አንድ ቀን ግን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ መሬቱን ያልሸጠው ገበሬ እንኳ አዝመራ በሚሰበሰብበት ወቅት ለአንዲት ቺንጋ ሩቅ ከተማ መሄድ ይኖርበታል። ማሽኑ ቆሞ ዝናብ ከመጣ የዓመት ልፋቱ ሜዳ ላይ ይቀራል። ጎረቤቱም ነገ የእኔ ተራ ነው ብሎ ስለሚሰጋ ቦይ አይቆፍርም፣ ፍሬው ከዓመታት በኋላ የሚደርስ ችግኝ አይተክልም። የተሸጠው አንድ ማሳ ቢሆንም የሚዳከመው የአካባቢው ኢኮኖሚ ነው።

ቤት የሚያስፈልጋቸው ብዙ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ቤት አይሠራ አልልም። ጥያቄዬ የት ይሠራ የሚል ነው። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የእርሻ መሬቷን ከልላለች። ዛሬ የተከለለው ከ4.5 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሲሆን ከግዛቷ ስፋት 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለከተማ የሚሆን ቦታ አልጠፋም ማለት ነው።

መከለል ብቻውን ግን አይበቃም። እዚያው ካናዳ፣ የኦንታሪዮ መንግሥት በ2022 መጨረሻ አረንጓዴ ቀበቶ ከሚባለው፣ ግንባታ እንዳይካሄድበት ከተከለለው የእርሻና የተፈጥሮ መሬት 3,000 ሄክታር ያህል ለቤት ግንባታ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት የግዛቲቱ ዋና ኦዲተር ምርጫው ለጥቂት አልሚዎች ያደላ እንደነበረና የመሬቱ ዋጋ ከ8 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ ጭማሪ ሊያሳይ እንደሚችል ይፋ አደረገች። ሕዝቡ ተቆጣ፤ የግዛቲቱ መንግሥት መሪ ዳግ ፎርድ ይቅርታ ጠይቀው ውሳኔውን ሻሩት።

ስለዚህ ከእርሻ መሬት ላይ ከለላውን ለማንሳት የሚያስብ ባለሥልጣን ሁሉ ከመወሰኑ በፊት የመሬቱ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ጥያቄውን ማን እንዳቀረበ፣ ያልታረሰ ሌላ ቦታ ለምን እንዳልተመረጠ በጽሑፍ ለሕዝብ ያሳውቅ። ዶዘሩም እስከዚያው ሞተሩን አያስነሳ።