ጉልበትሽን አጠፍ አድርጊ

ማክሰኞ ሌሊት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ውሃ መጣ። መምጣቱን የሚነግረኝ ቧንቧው ነው። መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ ሁለቴ ያስነጥሳል። ከዚያ ፉጨት ይጀምራል። እኔ በእንቅልፍ ልቤ እሰማዋለሁ። ባለቤቴ አይሰማውም። ስልኩ ትራስ ሥር ሆኖ "ጢን" ካለ ግን ብድግ ይላል። ስለዚህ የጆሮ ሐኪም አያስፈልገንም።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ውሃውም ግፊት ስለሌለው እኛ ጋ አይወጣም። አየር እየገፋ ያፏጫል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይደክመዋል። ድምፁ ይደርሳል፣ ውሃው አይደርስም። ይቺን ነገር ያዙልኝ። ኋላ ስለ ባለቤቴ ሳወራ ትጠቅመኛለች።

እናም ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይዤ ወረድኩና ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ተሰለፍኩ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል ብለው ያስተማሩኝ ልጅ ሳለሁ ነው። ያመንኳቸው ግን እዚህ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ዙር በራችን ተከፈተ። ባለቤቴ ጋቢውን ተከናንቦ ወጣና የስልኩን መብራት አበራ። እግዜር ይስጠው፣ ደረጃውን ሊያበራልኝ ነው ብዬ ፊቴ ፈካ። ለካስ የነጠላ ጫማውን አንድ እግር እየፈለገ ነው። አገኘው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ስታነሺ ወገብሽን አታጉብጪ" አለኝ። "ጉልበትሽን አጠፍ አድርጊ። የዲስክ መንሸራተት የሚመጣው እንዲህ ነው።"

ብሎኝ ገባ። ተኛ።

ምክሩ ትክክል ነው። ያንገበገበኝም እሱ ነው። ስህተት ቢሆን ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር። ትክክለኛ ምክር ግን መልስ የለውም። 20 ኪሎ አንጠልጥሎ የቆመ ሰው "ልክ ነህ" ከማለት ሌላ ምን ይላል?

ከአገሬ ተረቶች ሁሉ እንደ ሎሚዋ የምወዳት የለም። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።" ምን ያህል ታምራለች! ሃምሳ ሰው አንድ አንድ ሎሚ ይዞ፣ እያሸተተ፣ መንገድ ለመንገድ ሲሄድ ይታየኛል። የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢም ይወዳታል። በየስብሰባው ይጠቅሳታል። ይቺ ተረት በተጠቀሰች ቁጥር መዋጮ አለ ማለት ነው። ባለፈው የደረጃ አምፖል ነው ተብሎ አዋጣን። አምፖሉ እስከ ዛሬ አልተገባም። ሌሊት የነጠላ ጫማ በስልክ መብራት የሚፈለገው ለምን መሰላችሁ?

እኛ ቤት ግን ሃምሳውም ሎሚ እኔ ጋ ነው። አርባ ዘጠኙ ሰው የት ሄደ? የትም አልሄደም። ደረጃው ላይ ተደርድሮ ስለ ሎሚ አያያዝ ያስተምራል።

ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። ውሃ በመጣ ሌሊት ብሎካችን ገበያ ነው፣ ሁሉም ነቅቷል። አንደኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ጋሼ "ልጄ፣ በቀን ብትቀጂ አይሻልም?" አሉኝ። ይሻላል፣ ጋሼ። ለውሃው ይንገሩልኝ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ጎረቤቴ "ሮቶ አስገቡና ተገላገሉ" አለች። ባለ አንድ ሺህ ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ነው። እሱን በረንዳ ላይ ሰቅዬ በምን ልቤ ልተኛ? ሦስተኛ ፎቅ ያለው ወጣት ደግሞ "ሞተር ግዙ እንጂ እትዬ፣ በዚህ ዘመን!" አለኝ። በዚህ ዘመን የሚለውን ሲናገር ጀሪካኔን በእግሩ ትንሽ ገፋ አድርጎ መንገድ ለቀቀልኝ። ያም እንደ እርዳታ ይቆጠርለት።

ዘበኛችን ብቻ አንዱን ጀሪካን ከእጄ ተቀበለኝ። አራተኛ ፎቅ ድረስ አወጣው፣ አስቀመጠው፣ ወረደ። አንድም ቃል አልተናገረም። ስለ ወገብ የሚያውቀው ነገር የለም መሰለኝ።

እኛ ምክር ስንወድ! ባለፈው ክረምት ሳል ይዞኝ ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ ታክሲ ተሳፈርኩ። ሁለቴ ሳልኩ። ሦስተኛውን ሳልጨርስ ታክሲው ጤና ጣቢያ ሆነ። ከፊቴ ያሉት እናት "ፌጦ በሎሚ" አሉ። አጠገቤ ያለው "ዝንጅብል በማር" አለ። ከኋላ አንዷ ዳማከሴ አዘዘች። ሌላዋ ዳማከሴ ለምች እንጂ ለሳል አይሆንም ብላ ተቃወመች፣ ተከራከሩ። ረዳቱ ሳይቀር "አረቄ ነው የሚያሽረው" ብሎኝ ሂሳብ ተቀበለኝ። ታፍኜ "እባካችሁ መስኮት ክፈቱልኝ" ስል ግን ምክር ቤቱ በሙሉ ድምፅ ውድቅ አደረገው። ብርድ ይመታቸዋል።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን መጀመሪያ የሚታየኝ የዶሮዋ ነገር ነው። ይቅርታ፣ ይቺን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። 11 ዓመት ይዣታለሁ።

ያገባሁ ዓመት ፋሲካ ነው። ከ55 ቀን ጾም በኋላ የባሌ ዘመዶች ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ቤት ሊፈስኩ ነው። ከሾላ ዶሮ ገዝቼ መጣሁ። እሱ አረደ። ማረድ ሁለት ደቂቃ ነው። "ዶሮዋን አብረን ነው የሠራናት" ሲል ሰምቼዋለሁ፣ እቺን ሁለት ደቂቃ ይዞ ነው። መንቀሉ፣ መለብለቡ፣ መበለቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ቁሌቱ፣ የእኔ ነው። በጨውና በሎሚ ማጠቡ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ስንት ሎሚ እንደጨመቅኩ አልቆጠርኩም፣ ሃምሳ ቢሆን አይገርመኝም። ቅዳሜ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ "ቤት ልጠብቅ" ብሎ ቀረ። ጠበቀ።

በማግስቱ የባሌ አክስት ጭልፋ ተቀብለው ድስቱን አማሰሉት። ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። "ልጄ፣ 11 ነው። ዶሮ 12 ብልት ነው የሚወጣት" አሉኝ። ከዚያ በእንግዶቹ ሁሉ ፊት፣ በባዶ እጃቸው አየር ላይ እየበለቱ፣ ዶሮ እንዴት እንደሚበለት አስተማሩኝ። መሬት ብትሰነጠቅ እገባ ነበር። ባሌ አንገቱን ደፍቶ እንቁላሉን በእንጀራ ይጠቀልላል። አንዲት ቃል አልወጣውም። በአራተኛው ዓመት፣ ጓደኛው ቤት፣ ሞቅ ብሎት እየሳቀ ተናገረ። መላላጫዋን ቅዳሜ ሌሊት ቆሞ በልቷታል። ጾሙ ሳይፈታ መሆኑን ለንስሐ አባቱ ትቼዋለሁ። እኔ የምጠይቀው የአክስቱን ምክር ነው። ያ ሁሉ ትምህርት ለማን ነበር? አክስቱ አሁንም በየፋሲካው ይደውሉልኛል። "እንኳን አደረሰሽ። 12 መሆኑን አትርሺ።"

እሱ ግን የሚመክረኝ በገዛ አመሉ ብቻ ነው ብል ሐሜት ይሆንብኛል። ሕግ ነበረው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው ይል ነበር። ለቤቱ ጥቅም እስከሆነ ድረስ የሚስቱን አኳኋን ሊመራ ይችላል ይላል። ልብ በሉ፣ መምከር በሕግ! ባል አገልጋይ ሊያቀርብላት ካልቻለ ደግሞ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ መሥራት አለባት ይላል። ባሉ እንዲሠራ የሚያስገድድ ቃል አላየሁበትም። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ። ቤተሰብን በማስተዳደር ባልና ሚስት እኩል መብት አላቸው ተባለ። ከወጣ ሃያ ዓመት ከዘለለ ቆየ። እኛ ጋ ግን አልደረሰም። አራተኛ ፎቅ ነው አልኳችሁ፣ ግፊት የለውም።

ለፍትህ ያህል፣ ባለቤቴ የጋዝ ሲሊንደር ይሸከማል። ጋዝ የምናስሞላው በዓመት ሁለቴ ነው።

ጠዋት ላይ ነገሩን አነሳሁበት። "ትቀሰቅሺኝ አልነበር? እኔ እኮ እረዳሻለሁ" አለኝ። እረዳሻለሁ! ቤቱ የኔ፣ ውሃው የኔ፣ ጥማቱ የጋራ፣ እሱ ረዳት። የታክሲ ረዳትም ረዳት ነው። እሱ ግን ቢያንስ በር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ መድረሻውንም ሳይጠሩት ይጠራል። "ወራጅ አለ" ብለህ ታውቃለህ? አልኩት። አልገባውም።

ትንሽ አሰበና "ለምን ሠራተኛ አትቀጥሪም?" አለኝ። አትቀጥሪም። አንቀጥርም አላለም። ሰባ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሕግ ቡና እየጠጣ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ግን አፌን ያዝኩ። ሠራተኛ ነበረችን። ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። ይሄንኑ ጀሪካን፣ ይሄንኑ ደረጃ ለሁለት ዓመት አወጣችልን። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ ስኒዬን ይዤ፣ "ጥጉን አትርሺው" እላት ነበር። "መጥረጊያውን ጫን አድርገሽ።" "ቀስ፣ እንዳትንሸራተቺ።" ምክሬ ሁሉ ትክክል ነበር። "እሺ እትዬ" ትለኛለች። ከዚያ ዓረብ አገር ሄደች። ስትሄድም መከርኳት፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ። ቤታችን በእሷ ጊዜ ሰላም ነበር። እኔና ባለቤቴ በቤት ሥራ ተጣልተን አናውቅም። ለምን እንጣላ? የሠራነው የለም።

ይሄን ለሱ አልነገርኩትም። እናንተም አትንገሩት።

እና ምን ልል ነበር? አዎ፣ ጉልበት። ማክሰኞ ለት "ና፣ አንተ ጉልበትህን አጥፈህ አንዷን አንሳና አሳየኝ" ልለው አስቤ ነበር። ጥሩ መልስ ነው። የመጣልኝ ግን ሐሙስ ነው። ዛሬ ዓርብ ሌሊት ልለው ተዘጋጅቻለሁ፣ ፈረቃችን ማክሰኞና ዓርብ ነው። ቁጭ ብዬ ይሄን ስጽፍ ያመሸሁትም ስለዚህ ነው።

ቧንቧው ጉሮሮውን ጠረገ። አሁን አስነጠሰ።

ከመኝታ ቤት ድምፅ መጣ። ሰምቷል! ለመጀመሪያ ጊዜ ሰምቷል።

"ውሃ መጣ መሰለኝ" ይላል።

ተነሳሁ። ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ።